አድሶርፕሽን ምንድን ነው? አፈር ፀረ ተባይ ኬሚካልን እንዴት ይዞ ያስቀራል?

ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ወገባቸው ላይ ቁረጡ። አፋቸውን በጨርቅ አስራችሁ ዘቅዝቋቸው። አንዱ ውስጥ አሸዋ፣ ሌላው ውስጥ ብስባሽ የበዛበት ጥቁር አፈር ጨምሩ። ከፋርማሲ የሚገዛውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት፣ ጄንሺያን ቫዮሌትን፣ በውሃ በጥብጡና እኩል እኩል አፍስሱባቸው። ደጋግማችሁ ስታፈሱ ከአሸዋው ስር ሐምራዊው ቶሎ ብቅ ይላል። ከጥቁሩ አፈር ስር የሚንጠባጠበው ውሃ ቡናማ ሊሆን ይችላል እንጂ ሐምራዊው አብሮት አይወርድም።

ቀለሙ የት ሄደ? አፈሩ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አድሶርፕሽን የሚባለው ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ከመምጠጥ ጋር ያምታታዋል። ስፖንጅ ውሃ ሲመጥ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። እዚህ ግን ኬሚካሉ የሚጣበቀው የአፈሩ ቅንጣት ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አፈሩ ምን ያህል ገጽ አለው የሚል ነው። ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን አንድ ግራሙ፣ በስስ ንብርብሮቹ መካከል ያለው ሁሉ ቢዘረጋ፣ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አምስት የመረብ ኳስ ሜዳ ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ቁንጥር አፈር! አሸዋ ግን ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ገጹ ትንሽ ነው፤ ውሃውም ቶሎ ያልፈዋል።

ገጽ ብቻውን ግን አይበቃም። ኬሚካሉም የራሱ ጠባይ አለው። ዲዲቲን የመሰሉት ውሃን ይሸሻሉ፣ ብስባሽን ይወዳሉ። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት ኬኦሲ የሚባል ቁጥር አለ፤ ኬሚካሉ የአፈሩን ኦርጋኒክ ካርቦን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ያሳያል። ለፀረ አረሙ አትራዚን 100 አካባቢ ነው። ለዲዲቲ ከ100,000 ይበልጣል። ዲዲቲ ከላይኛው አፈር ንቅንቅ የማይለው፣ አትራዚን ደግሞ በየአገሩ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የተገኘው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ሙሌትም አለ። የሸክላ ገጽ ኔጌቲቭ ነው። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም ፖዘቲቭ ስለሆነ እንደ ማግኔት ይጣበቅበታል። ሌላው ፀረ አረም ግላይፎሴት ደግሞ እንደ ፎስፌት የአፈሩን ብረትና አሉሚኒየም ይይዛል። እነዚህን ሁለቱን በድፍርስ ውሃ የበጠበጠ ሰው አረሙ አልሞት ሲለው መድኃኒቱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ኬሚካሉ ገና መርጫው ውስጥ እያለ ጭቃው ይዞበታል። ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የተባለው ፀረ አረም ግን አብዛኛው አፈር ውስጥ ራሱ ኔጌቲቭ ስለሚሆን ሸክላው ይገፋዋል፤ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ደግነቱ ተህዋስያን ቶሎ ይበሉታል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ተያዘ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። የተለጠፈውን ተህዋስያን በቀላሉ አያገኙትም፣ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሲወስድም ኬሚካሉ አብሮ ወንዝ ይገባል።

ይህን ከማርቲኒክና ከጓድሉፕ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በነዚህ የካሪቢያን ደሴቶች ከ1972 እስከ 1993 በሙዝ እርሻዎች ላይ ክሎርዴኮን የተባለ ፀረ ተባይ ተረጨ። ርጭቱ ከቆመ ከአስርት ዓመታት በኋላም አፈሩ ውስጥ አለ። የሚገርመው እዚያ ያሉት የሁለት ዓይነት አፈሮች ልዩነት ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘው አንዶሶል፣ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት አፈር፣ ብዙ ክሎርዴኮን ይዟል፤ ለተክል የሚለቀው ግን በንጽጽር ጥቂት ነው። ኒቲሶል የተባለው ሸክላ የበዛበት አፈር ግን የያዘው ያነሰ ሆኖ በቀላሉ ይለቀዋል። ስለዚህ እንደ ኬኦሲ ያለ የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩ የተገኘው ከየትኛው አፈር ነው የሚለውም መታወቅ አለበት። ሰብሉም ይለያያል። ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ፍሬ ብዙም አይደርሰውም። ስኳር ድንችና ጎደሬ ግን የሚበላው ክፍላቸው እዚያው አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚያድገው፤ እዚያ ያለ ገበሬ እነሱን ከመትከሉ በፊት አፈሩን ማስመርመር አለበት።