«ራሱ አይደለም እኮ የዘፈነው» ለምትሉኝ ሁሉ

ስራዬ ሳውንድ ነው። ሰርግ በሉት ምርቃት በሉት የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ስብሰባ ሳይቀር ስፒከርና ሚክሰሬን ጭኜ እሄዳለሁ። ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ እሁድ እሁድ ኳስ ሲያልቅ እዚሁ ሰፈር አንድ ዲኤስቲቪ ቤት በፕሮጀክተር ፊልም አሳያለሁ፣ 50 ብር ከነለውዙ። ሰሞኑን የቦብ ማርሌይን ፊልም፣ ያንን በፈረንጆቹ 2024 የወጣውን «ዋን ላቭ»ን ሶስት እሁድ በተከታታይ አሳየሁ፣ ቤቱ ጢም ብሎ በር ላይ ቆሞ ያየም ነበር። እስከዚህ ጥሩ። ያቃጠለኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ የብሎካችን ደረጃ ላይ ውሃ ተሸክሜ ስወጣ ሳይቀር ፊልሙን እኔ የሰራሁት ይመስል ይዘውኝ ይቆማሉ። የሚሉት ደሞ ያው ተመሳሳይ ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን «ቦብን የሆነው ተዋናይ ራሱ አይደለም የዘፈነው» የሚለው። ስለዚህ አንዴ ልፃፈውና ከእንግዲህ የመጣውን ሁሉ «ሂድና አንብብ» ልበለው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ ካልሆነ እናገራለሁ።

«ስፒከርህ ተበላሽቷል፣ የሚያወሩት አይሰማም።» ስፒከሬ ደህና ነው። የሚያወሩት ፓቷ የሚባለውን የጃማይካ ሰዎች መነጋገሪያ ነው፣ እንግሊዝኛ አውቃለሁ የሚለውም ግማሹ ያመልጠዋል። (እሺ የመጀመሪያው እሁድ ጥፋቱ የኔም ነበር። የፊልሙ ድምፅ ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ ነው፣ ንግግሩ የሚመጣው ደሞ በመሀለኛው ነው፣ እኔ ግራና ቀኙን ብቻ ሰክቼ ሙዚቃው ሲያንባርቅ ወሬው ጠፋ። ይሄን ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከኋላ የሚቀመጠው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሌሎቻችሁ ዝም ብላችሁ ነው ስፒከሬን የሰደባችሁት።)

«ቆርጠህ ነው ያሳየኸን፣ የዚምባብዌው ኮንሰርት የታለ?» አልቆረጥኩም። ፊልሙ የያዘው በዋናነት ከ1976 እስከ 1978 ያለውን ነው፣ ቤቱ ድረስ መጥተው ከተኮሱበት ጊዜ ጀምሮ ኪንግስተን ተመልሶ እስከዘፈነበት የሰላም ኮንሰርት። ዚምባብዌ 1980 ነው፣ በቃ።

«ቤተሰቡ ስለሰራው ሁሉም እውነት ነው።» ልጁ ዚጊ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነው፣ ልክ ነው። ግን ለቅሶ ቤት ሄደህ አታውቅም እንዴ? «አባታችን ብድር አይመልስም ነበር» ብሎ ሲያወራ የሰማኸው ልጅ አለ?

«ቦብ ጃንሆይን በአካል አግኝቷቸዋል።» ይሄን የሚሉኝ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ አክብሬ ነው የምመልሰው። አላገኛቸውም። ጃንሆይ ኪንግስተን የወረዱት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ነው፣ ቦብ ያን ጊዜ አሜሪካ ደላዌር እናቱ ጋ ሄዶ ስራ ላይ ነበር። ያየቻቸው ሚስቱ ሪታ ናት። እሱ ኢትዮጵያን የረገጠው በ1978 ነው፣ ሻሸመኔም ሄዷል፣ ግን ጃንሆይ ከሞቱ ሶስት ዓመት አልፏቸው ነበር። የጃንሆይን የተባበሩት መንግስታት ንግግር በዘፈን አድርጎታል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን የሰው ንግግር መዝፈንና ሰውየውን ማግኘት ይለያያል።

«ኳስ ነው የገደለው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ እማማ በዚህ ፊልም ሰበብ የልጅ ልጃቸውን ኳስ ወስደው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። «ልጄ፣ አንተው አይደለህ ያሳየኸን፣ እግሩን ተመቶ አይደል የሞተው» አሉኝ። እማማ፣ አይደለም። የገደለው ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው፣ የእግር ጣቱ ጥፍር ስር የወጣ። ጣቱ ኳስ ሲጫወት መጎዳቱ እውነት ነው፣ ግን ያ ካንሰሩ እንዲታይ አደረገ እንጂ ካንሰር አልሰጠውም። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል እምቢ አለ፣ ጥፍሩ አካባቢ ያለውን ብቻ አስነሳ፣ በኋላ ተሰራጭቶበት በ1981 ግንቦት ላይ በ36 ዓመቱ ሞተ። ደሞ እዛው ላይ የሰማሁት ሌላ ነገር፣ «የቆዳ ካንሰር የነጭ በሽታ ነው፣ የፀሐይ ነው» የሚል። ጥቁር ሰው ላይ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ይወጣል፣ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ ጥፍር ስር። እኔ ሀኪም አይደለሁም፣ ኬብል ጠቅላይ ነኝ፣ ግን ጥፍርህ ስር ሳትመታ የመጣ ጥቁር መስመር ካለ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይ ጥቁረቱ ወደ ቆዳው ካለፈ፣ «ጫማ ጠቦኝ ነው» እያልክ አትቀመጥ፣ ሄደህ ታይ። አንድ ሚክሰር የሚያነሳልኝ ልጅ እንደዚህ ብዬ ልኬው ጥፍሩ ስር የረጋ ደም ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ እስካሁን የታክሲ ብር አስወጣኸኝ ይለኛል፣ ይበል። ኳሱ ግን ለልጁ ይመለስለት።

አሁን ወደ ዋናው። «ተዋናዩ ራሱ አይደለም የዘፈነው፣ ማጭበርበር ነው።» ይሄን ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። እንደውም አንድ ልጅ ከነጓደኞቹ መጥቶ «ጋሼ፣ ሰውየው ከንፈሩን ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ብራችንን መልስ» ብሎኛል፣ ለውዙን በልቶ ከጨረሰ በኋላ።

ስሙኝ። ቦብን ሆኖ የሚጫወተው ኪንግስሊ ቤን አዲር ለንደን ተወልዶ ያደገ እንግሊዛዊ ነው፣ ጊታርና ፓቷ ተምሮ ነው የመጣው፣ ቀረፃው ላይም ዘፍኗል። ትልልቆቹ ኮንሰርቶች ላይ የምትሰሙት ግን የቦብን ድምፅ ነው። ለምን ቢባል ያንን ድምፅ ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ በየታክሲው ሰምታችሁት ጆሯችሁ ውስጥ ስላለ፣ ትንሽ ቢዛነፍ ወዲያው ነው የምታውቁት። እስቲ ነገ ስለ ጥላሁን ገሠሠ ፊልም ተሰራ እንበል፣ ዘፈኑን አንድ ወጣት ተዋናይ ዘፈነው እንበል፣ ታስጨርሱታላችሁ? እኔ ፕሮጀክተሬን ይዤ ነው የምሮጠው።

ደሞ ከንፈር ማንቀሳቀስ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት የማያውቅ ሰው ነው። ቀረፃ ላይ ዘፈኑ በስፒከር ወይ በጆሮ ይለቀቅለታል፣ ጎበዝ ተዋናይ ደሞ አብሮ በሙሉ ድምፁ ይዘፍናል፣ ድምፁ በኋላ እንደሚጣል እያወቀ እንኳን ይዘፍናል፣ ምክንያቱም ካሜራው ትንፋሹን ያያል። ማረጋገጥ የምትፈልጉ አንገቱን እዩ። ከፍ ያለ ኖታ ላይ የአንገት ስር ካልተወጠረ፣ ከስንኙ በፊት ደረቱ አየር ካልሳበ፣ እሱ ዝም ብሎ አፉን ነው የሚከፍተው። የኛን ክሊፖች በዚህ ዓይን እዩአቸው እስቲ፣ ግማሹ ዘፋኝ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ የራሱን ዘፈን ሲዘፍን ውሃ የጠማው ነው የሚመስለው። ቤን አዲርን ግን ሶስት እሁድ አንገቱን ብቻ ነው ያየሁት፣ አንድ ቦታ አልያዝኩትም።

ኦስካርስ? ጄሚ ፎክስ ሬይ ቻርልስን ሆኖ ሲጫወት ፒያኖውን ራሱ ነክቶ ድምፁ ግን አብዛኛው የሬይ የራሱ ነበር፣ ወሰደ። ማሪዮን ኮቲያር ኤዲት ፒያፍን ሆና ዘፈኖቹ ላይ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ወሰደች። ራሚ ማሌክ ፍሬዲ መርኩሪን ሆኖ፣ ድምፁ በአብዛኛው የፍሬዲና ማርክ ማርቴል የሚባል የካናዳ ዘፋኝ ቅልቅል ሆኖ፣ ወሰደ። ኦስቲን በትለር ደሞ የወጣቱን ኤልቪስ ዘፈኖች ራሱ ዘፍኖ በኋላ ላይ የኤልቪስ ድምፅ ገብቷል። እንደ ዘፈኑ ነው የሚወሰነው፣ ህግ የለውም።

(የፍሬዲን ካነሳን አይቀር፣ እዛ ፊልም መጨረሻ ላይ ያለው ኮንሰርት ላይቭ ኤይድ ነው፣ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 የተደረገው፣ ለኛው ረሃብ። «ኤች አይ ቪ እንዳለበት እያወቀ ነው ለኢትዮጵያ የዘፈነው» የሚባለው ግን ከፊልሙ የመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ምርመራው ከኮንሰርቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ በፈረንጆቹ 1987 ነው። ያን ቦታ ለብቻው ባሳየሁ ቀን በ77 ከወሎ የመጡ አንድ አባት ጭብጨባውን እያዩ «ይሄ ሁሉ ሰው ለኛ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አባባ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።)

ኮንሰርት ላይ ላይቭ ብሎ ትኬት ሸጦ ፕሌይባክ የሚያደርገውን ስደቡት፣ አብሬ እሰድባለሁ። ፊልም ግን ፊልም ነው። በ2016 ቃና ከተከፈተ ጀምሮ ቱርኮቹ አማርኛ ሲያወሩ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲፋቱ «ማጭበርበር ነው» ያለ አንድ ሰው አላየሁም፣ እራት ሁሉ በሰዓቱ ነበር የሚቀርበው። ደሞ የጆሯችሁን ነገር ባትነግሩኝ ይሻላል። ኮዬ ፈጬ አንድ ሰርግ ላይ ዘፋኙ ድምፁ ተዘግቶበት ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ሁሉንም በፕሌይባክ አስጨርሼዋለሁ፣ ሚዜዎቹ ሸሚዛቸው እስኪረጥብ ጨፍረዋል፣ ብር ግንባሩ ላይ ለጥፈውለታል። የታወቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ያውም ልጁ ደንግጦ ማይኩን እንደያዘ አፉን ማንቀሳቀስ ስላላቆመ።

ብሬን መልስ ያለው ልጅ ባለፈው እሁድ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ የዛሬውስ?» አለኝ። የጆኒ ካሽን ፊልም ነበር የያዝኩት፣ ዋኪን ፊኒክስ የሚሰራበትን። ራሱ ነው የዘፈነው፣ አብራው ያለችውም ራሷ ናት አልኩት፣ ደስ ብሎት 50 ብሩን ከፍሎ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ድምፁ እኮ ዋናውን አይመስልም!»