ሳብ 9-5 ምንድን ነው? ትርፍ ዕድሜ የኖረው አባትና ያለዕድሜው የተቀጨው ልጅ

ሳብ 9-5 ስዊድን ውስጥ፣ ትሮልሄታን በተባለች ከተማ ከ1997 እስከ 2011 የተመረተ ትልቅ የቤት መኪና ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ትውልድ አለው። የመጀመሪያው ከሚገባው በላይ ኖረ። ሁለተኛው ገና ዳዴ ሲል ሞተ። ለዚህ ልዩነት ተጠያቂዎቹ መሐንዲሶቹ አይደሉም። ጉዳዩ የባለቤትና የገንዘብ ነው።

መኪናው የሚመደበው «ኤግዚኪውቲቭ» በሚባለው ክፍል ነው። ከተራ የቤተሰብ መኪና ከፍ ይላል፣ ሾፌር ከሚቀጠርለት ቅንጡ መኪና ግን ዝቅ ይላል። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገዙት ድርጅቶች ናቸው። ለመምሪያ ኃላፊ ወይም ለሥራ አስኪያጅ ይሰጡታል፣ እሱም ራሱ ይነዳዋል። የዚህ ሰፈር ጌቶች ጀርመኖቹ ናቸው፦ መርሰዲስ ኢ ክላስ፣ ቢኤምደብሊው 5 ሲሪየስ፣ አውዲ ኤ6። እዚያው ስዊድን ደግሞ ቮልቮ ኤስ80 ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሳብ ትንሹ ነበር፤ ግን ትንሽ መሆኑን የሚያምን ኩባንያ አልነበረም።

ሳብ ሲመሠረት መኪና ሠሪ አልነበረም። በ1937 የተቋቋመው የጦር አውሮፕላን ለመሥራት ነው። ወደ መኪና የዞረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የአውሮፕላን ትእዛዝ ሲቀንስ ነው። እኛም አገር ስሙ መጀመሪያ የተሰማው በአውሮፕላን ነው። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጅ፣ ደብረ ዘይት ላይ የነበሩት ሳብ 17 ቦምብ ጣዮችና ሳፊር የተባሉት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች የዚሁ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው።

9-5ን ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን 9000ን ማየት ያስፈልጋል። ሳብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ትልቅ መኪና ፈለገ፣ ለብቻው ለመሥራት ግን አቅም አልነበረውም። ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተስማማ። ከአንድ መሠረት ሳብ 9000፣ ፊያት ክሮማ፣ ላንቺያ ቴማ እና አልፋ ሮሜዮ 164 ወጡ። ታዲያ ስዊድኖቹ የተሰጣቸውን ዝም ብለው አልተቀበሉም። በሮቹን በብረት አጠናከሩ፣ የፊቱንም አካል ከግጭት አንጻር እንደገና ሠሩት። 9000 በ1984 ለገበያ ቀርቦ እስከ 1998 ዘለቀ። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተመርቷል።

ይህ ልማድ በኋላም አልጠፋም። የሌላ ሰው ወለል (መኪናው የሚቆምበትን መሠረት) መቀበል፣ ከዚያ እንደ ራስ አድርጎ መሥራት። በ1990 የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ የሳብን መኪና ክፍል ግማሽ ገዛ፤ በ2000 ደግሞ የቀረውን ጠቀለለው። ስለዚህ 9-5 ሲታቀድ መነሻው የጀነራል ሞተርስ ንብረት የሆነው የኦፔል ቬክትራ ወለል ነበር። ቬክትራ መካከለኛ የቤተሰብ መኪና ነው፤ መጥፎ ባይሆንም ከኢ ክላስ ጎን የሚሰለፍ አይደለም። መሐንዲሶቹ አስረዘሙት፣ አጠናከሩት፣ ላዩንም ውስጡንም ቀየሩት። መሠረቱ የጋራ፣ ቤቱ የግል እንደማለት ነው።

በ1997 የወጣው መኪና ርዝመቱ 4.8 ሜትር ነው። የነፋስ መጎተቻ ልኬቱ (ሲያንስ ይሻላል) 0.29 ሲሆን ይህ ለዚያን ጊዜ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። ዲዛይኑ ኩርፊያም ፉከራም የለበትም። ከሩቅ ሳብ መሆኑ ይታወቃል። ቁም ነገሩ ግን ውስጡ ነው።

ከሁሉ በፊት ወንበሩን ማንሳት አለብኝ። መኪናህ ቆሞ ሳለ ከኋላ ሲገጩህ ገላህ ከወንበሩ ጋር ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጭንቅላትህ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። አንገት የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት ነው። የ9-5 የራስ መደገፊያ ይህን የሚከላከለው ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ኤሌክትሪክ ነው። የራስህ ጀርባ የወንበሩን መደገፊያ ሲጫን በውስጡ ያለ ዘንግ ይገፋል፣ የራስ መደገፊያውም ወደ ላይና ወደ ፊት መጥቶ ጭንቅላትህን ይቀበላል። ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። በ2001 የታተመ ጥናት ይህ ወንበር የአንገት ጉዳትን ከቀድሞዎቹ የሳብ ወንበሮች ጋር ሲነጻጸር በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ሐሳብ በመኪኖቻቸው ውስጥ ተጠቀሙ።

በፊትና በኋላ በሮች መካከል ያለው ምሰሶም እንዲሁ ታስቦበታል። መኪናው ከጎኑ ሲገጭ ምሰሶው እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፦ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ላይኛው ግን ይቆማል። ዱላው ከደረትና ከጭንቅላት ይልቅ ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ማለት ነው። ዳሌ ይችለዋል። ከዚህ በተጨማሪ ከፊት ወንበሮቹ ውስጥ ሙቅ አየር እየሳበ የሚያወጣ ማራገቢያ ነበረው። ይህ በመደበኛ ምርት መኪና ላይ ሲገጠም የመጀመሪያው ነው፤ ከቀዝቃዛ አገር መምጣቱ ያስቃል።

ቁልፉ የሚገባው ደግሞ ከመሪው ሥር ሳይሆን በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ማርሹ አጠገብ ነው። ምክንያቱ ጉልበት ነው፤ በግጭት ጊዜ ጉልበትህ የቁልፍ ማስገቢያ ብረት ላይ እንዳያርፍ። በማኑዋሉ መኪና ማርሹን ሪቨርስ ካላስገባህ ቁልፉ አይወጣም። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ «የሌሊት ፓነል» የሚባል ቁልፍ አለ። ስትጫነው ከፍጥነት መቁጠሪያው በቀር መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲያንስ ወይም ሞተር ሲግል ብቻ የሚመለከተው ተመልሶ ይበራል። ይህችኛዋ የአውሮፕላን አብራሪ ሐሳብ እንደሆነች ግልጽ ነው።

ሞተሩ የሳብ የራሱ ነው፦ ባለ 2.0 እና ባለ 2.3 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ሁሉም ቱርቦ። ቱርቦ ማለት የጭሱ ግፊት አንዲት ትንሽ ዘዋሪ አሽከርክሮ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ መግፋት ነው። ሳብ ይህን በ1970ዎቹ መጨረሻ በ99 ቱርቦ ለቤተሰብ መኪና አምጥቶ ነበር። ሐሳቡን የመራው ፔር ጊልብራንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ክርክሩ ቀላል ነበር። መኪና ብዙውን ጊዜ ትልቅ ኃይል አይፈልግም፤ የሚፈልገው ለመቅደምና አቀበት ለመውጣት ነው። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ይኑርህ፣ ጉልበቱ ስትጠራው ይምጣ። ዛሬ ጀርመኑም ጃፓኑም የሚሠራው እንዲህ ነው።

ይህን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ትራዮኒክ ይባላል። የሚገርመው ሻማውን (ካንዴላ የምንለውን) እንደ መለኪያ መጠቀሙ ነው። ካንዴላው እሳት ከረጨ በኋላ በጫፉ ላይ ያለፈውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት እያነበበ ሲሊንደሩ ውስጥ ቃጠሎው እንዴት እንደሄደ ያውቃል። ሞተሩ ሊያንኳኳ (ነዳጁ ያለጊዜው ተቃጥሎ ሊመታ) ሲል ቀድሞ ይይዘዋል። ጉልበተኛው ሞዴል ኤሮ ይባላል፤ በ230 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ በ2002 250፣ በ2006 260 ደረሰ። ባለ 3.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደርም ነበር። የእሱ ነገር ለየት ይላል፦ ቱርቦው አንድ ብቻ ነው፣ የሚያሽከረክረው ደግሞ የፊተኞቹ የሦስቱ ሲሊንደሮች ጭስ ነው፤ አየሩ ግን ለስድስቱም ይሄዳል። በግሌ ይህን ሞተር ሳይሆን 2.3ቱን እመርጣለሁ። የሳብ ጠባይ ያለው እሱ ጋ ነው።

አሁን ስለ ጉዱ። ከ1999 እስከ 2003 ባሉት አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የሞተሩ ዘይት እየረጋ እንደ ጥቁር ቅጥራን ይሆን ነበር። የሞተሩን ውስጣዊ ጋዝ የሚያስወጣው የቱቦ ሥርዓት ደካማ ነበር፣ ከዘይት መያዣው አጠገብ ያለው ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። የረጋው ዘይት የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፤ ቱርቦው ይቃጠላል፣ ሲብስ ሞተሩ ይነክሳል። ኩባንያው በኋላ የተሻሻለ የቱቦ ኪት አወጣ፣ አሜሪካ ውስጥም ዋስትናውን ወደ 8 ዓመት አራዘመ። የዚያ ዘመን 9-5 ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ «የዘይት መያዣው ወርዶ ታጥቧል ወይ?» ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ መኪና ይፈልግ። ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት መጠቀምና ቶሎ ቶሎ መቀየርም ግዴታ ነው። ካንዴላዎቹ ላይ የተቀመጠው፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጣቸው ረጅም ኮይልም ሳይታሰብ ይሞታል፤ የቆዩ ባለቤቶች አንድ ትርፍ ኮይል በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ይዞራሉ።

በ2005 9-5 ስዊድን ውስጥ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ ባዮፓወር። 85 በመቶ ኢታኖል በሆነ ነዳጅም በቤንዚንም፣ በሁለቱ ድብልቅም ይሄዳል። በቤንዚን 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በኢታኖል 180 ይሰጣል። ኢታኖል ሳያንኳኳ ከፍ ያለ ግፊት ስለሚችል ትራዮኒክ ቱርቦውን ይለቅለታል። መንግሥት በታክስ ሲያግዝ፣ ስቶክሆልም ደግሞ ከመጨናነቅ ክፍያ ነጻ ስታደርገው መኪናው በሰፊው ተሸጠ።

በ2006 ፊቱ ታደሰ። መብራቶቹ ዙሪያ ወፍራም ኒኬል ተደረገ፤ ወዳጆቹ ራሳቸው በትልልቅ መነጽር የምትታወቀውን የአውስትራሊያ የቀልድ ገጸ ባሕርይ ስም ሰጥተው «ዴም ኤድና» አሉት። አላሳመረውም፣ እውነት ለመናገር። ችግሩ ግን ከኒኬሉ በታች ነው። መርሰዲስ ኢ ክላስን በ2002 እና በ2009 ሁለት ጊዜ ከሥሩ ቀየረ። ሳብ በዚያ ሁሉ ጊዜ በአንድ 9-5 ላይ ቆመ። ተተኪው እየተገፋ፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ እየሄደ 12 ዓመት አለፈ። እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው ትውልድ ከ480 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ ግማሽ የሚጠጋው ባለ ረጅም ጀርባው ስቴሽን ዋገን ነው።

ሁለተኛው ትውልድ በመስከረም 2009 ፍራንክፈርት ላይ ታየ። 5 ሜትር የሚሞላ፣ ከኦፔል ኢንሲግኒያ ጋር ወለል የሚጋራ፣ ቆንጆ መኪና ነው። መልኩ በ2006 ከቀረበው ኤሮ ኤክስ ከተባለ የማሳያ መኪና የተወረሰ ነው። በአራት ጎማ የሚነዳ ሞዴል አለው፤ ባለ 2.8 ሊትሩ ቱርቦ 300 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የሚዞረው ቁልፍ ቀርቶ ማስነሻው የሚጫኑት አዝራር ሆነ፤ ቦታው ግን እዚያው ማርሹ አጠገብ ነው። ፍጥነትን እንደ አውሮፕላን ከፍታ መለኪያ የሚያሳይ ማሳያም ተጨመረ።

የወጣበት ጊዜ ግን ከመጥፎም መጥፎ ነበር። ጀነራል ሞተርስ በዚያው ዓመት ከስሮ ነበር፣ ሳብንም ለመሸጥ ገዢ ይፈልግ ነበር። ኮኒግሴግ ከተባለው የስዊድን ትንሽ የስፖርት መኪና አምራች ጋር የተጀመረው ድርድር ፈረሰ። በየካቲት 2010 ስፓይከር የተባለ የኔዘርላንድ ትንሽ የስፖርት መኪና አምራች ገዛው። ትንሹ ትልቁን ዋጠ፣ መፍጨት ግን አልቻለም። በ2011 ጸደይ ዕቃ አቅራቢዎች ገንዘባችን ካልተከፈለ አናመጣም አሉ፤ መስመሩ ቆመ። የቻይና ገዢዎች መጡ። ወለሉና ብዙው ቴክኖሎጂ የጀነራል ሞተርስ ስለሆነ የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም እንቢ አለ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2011 ሳብ አውቶሞቢል ኪሳራ አወጀ። የሁለተኛው ትውልድ ጠቅላላ ምርት 11 ሺህ ገደማ ላይ ቀረ። ስቴሽን ዋገኑ ጄኔቫ ላይ ከታየ በኋላ ጥቂት የሙከራ መኪኖች ብቻ ተሠርተው ቆመ።

የመለዋወጫ ክፍሉ ግን ተረፈ። በስዊድን መንግሥት እጅ ገብቶ ኦሪዮ በሚል ስም ቀጠለ። በዚህ የተጠቀመው በተለይ የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ብዙ ስለተመረተ ከወዳደቁት መኪኖችም ዕቃ ይገኛል። የሁለተኛው ትውልድ መኪና ያለው ሰው ግን መብራቱ ከተሰበረበት ብዙ ይለፋል።

ያረጀው 9-5 ሌላም ዕድል ነበረው። ከኪሳራው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2009፣ የቻይናው ቤይጂንግ አውቶ የመጀመሪያውን ትውልድና የቱርቦ ሞተሮቹን ቴክኖሎጂ ገዝቶ ነበር። በሱ ላይ ሴኖቫ በሚል የንግድ ስም ሴዳን ሠርቶ በ2013 ለገበያ አቀረበ። በ1997 የተጀመረው ወለል ቤይጂንግ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ አዲሱ 9-5 ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል።