ኢናላፕሪሌን ልተወው? ኮቪድና የደም ግፊት ሆርሞኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮቪድ ጠንቶበት ፅኑ ሕሙማን ክፍል የገባ ሰው አልጋ አጠገብ ብትቆሙ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ኦክስጅኑ ላይ ነው። ነርሷ ግን ደጋግማ የምታየው ሌላም ቁጥር አለ፤ የደም ግፊቱን። አማካይ ግፊቱ ከ65 በታች ከወረደ በደም ሥር የሚሰጠው ግፊት ማንሻ መድኃኒት፣ ኖርአድሬናሊን፣ መጠኑ ይጨመራል። ሲረጋጋ ቀስ ተብሎ ይቀነሳል። ቫይረሱ የገባው በመተንፈሻ አካል ነው። ታዲያ የግፊቱ ነገር ከየት መጣ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከ2020 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ጀምሮ ብዙ ተወርቷል። አንዳንዱ ወሬ ሰዎች እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንዲያቋርጡ አድርጓል። ዛሬም ድረስ የሚያምነው አለ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

«ኮቪድ የሳንባ በሽታ ነው፤ ከደም ግፊት ጋር ምን አገናኘው?»

በጣም የተገናኘ ነው። ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ይለቃል። ሬኒን ከጉበት የሚመነጨውን አንድ ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን 1 ያደርገዋል። ቀጥሎ ኤሲኢ የሚባለው ኢንዛይም ይህንን ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይለውጠዋል። ኤሲኢ በብዛት የሚገኘው ደግሞ የሳንባ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ነው። አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥሮችን ያጠብባል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠችውን አድሬናል ዕጢም አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን እንድታመነጭ ያደርጋል። አልዶስቴሮን ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ፖታሺየምን በሽንት ያስወጣል። ግፊት ይጨምራል።

በሌላው ወገን ኤሲኢ2 አለ። እሱ አንጂዮቴንሲን 2ን ይሰብርና አንጂዮቴንሲን 1-7 ያደርገዋል። ይሄኛው የደም ሥር ያሰፋል፣ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ያበርዳል። ጤነኛ ሰው ውስጥ ሁለቱ ወገኖች እንደ ገመድ ጉተታ እኩል ተያይዘው ይኖራሉ።

ኮሮና ቫይረስ ወደ ሴል ለመግባት የሚጣበቀው በትክክል እዚህ ኤሲኢ2 ላይ ነው። የ2003ቱ የመተንፈሻ በሽታ፣ የሳርስ፣ ቫይረስም መግቢያው ይኸው ነበር። ቫይረሱ ሲገባ ኤሲኢ2 ከሴሉ ላይ ይቀንሳል። ሳንባ ከግፊት ሆርሞኖች ጋር ያለው ዝምድና በሽታው ያመጣው ሳይሆን ድሮም የነበረ ነው።

«ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ቫይረሱን ይጋብዛሉ፤ መተው ይሻላል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሁለቱም የደም ግፊት መድኃኒቶች ናቸው፤ ኢናላፕሪል ኤሲኢን ያግዳል፣ ሎሳርታን ደግሞ አንጂዮቴንሲን 2 የሚሠራበትን ቦታ ይዘጋል። የጀመረውም በክፋት አይደለም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች እነዚህ መድኃኒቶች ኤሲኢ2ን የሚጨምሩ መስለው ታይተው ነበር። መጋቢት 2020 ላይ በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ አጭር ደብዳቤ ይህንን ይዞ «ምናልባት ለኮቪድ ያጋልጡ ይሆን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄ ነበር። ወሬው ግን «ምናልባት»ን ጥሎ ሄደ። ከውጭ አገር ደውሎ «እማዬ፣ ያንን የደም ብዛት ኪኒን ለጊዜው ተይው» ያለ ልጅም ለእናቱ አስቦ ነው።

የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ወር «አታቋርጡ» ብሎ መግለጫ አወጣ። የአሜሪካኖቹም ተከተሉ። ግን መግለጫ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የመጣው ከብራዚል ነው። ኮቪድ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡና እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስዱ የቆዩ 659 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ገሚሱ መድኃኒቱን ለ30 ቀን አቆመ፣ ገሚሱ ቀጠለ። በነዚያ 30 ቀናት ውስጥ በሕይወትና ከሆስፒታል ውጭ ያሳለፉት ጊዜ ሲቆጠር ያቆሙት በአማካይ 21.9 ቀን፣ የቀጠሉት 22.9 ቀን ሆነ። በሞትም ልዩነት አልታየም። በሰባት አገሮች 152 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራም ወደዚያው አመራ። ማቋረጥ ማንንም አልጠቀመም።

ማቋረጡ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። የልብ ድካም ያለበት ወይም ግፊቱ በኢናላፕሪል ብቻ ተይዞ የቆየ ሰው በወሬ ምክንያት ሲተወው ስትሮክ ሊመጣበት ወይም የልብ ድካሙ ሊብስበት ይችላል። ያ ሞት በኮቪድ ስም አይቆጠርም እንጂ ያው የወረርሽኙ ጉዳት ነው።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ክፉኛ የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው፣ ምንም መጠጣት ያቃተው ሰው ላይ ሐኪም መድኃኒቱን ለጥቂት ቀናት ሊያስቆም ይችላል። ሰውነት ደርቆ ሳለ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ነው። ይሄ ከላይ ካለው ወሬ ጋር አይገናኝም።

«እንደዚያ ከሆነ ኮቪድ ለጠናበት ሰው ሎሳርታን ይሰጠው»

ይህኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ብልህ ሰዎች ያመኑበት ነው። አስተሳሰቡ ይህ ነበር፦ ቫይረሱ ኤሲኢ2ን ያዳክማል፣ አንጂዮቴንሲን 2 የሚሰብረው ያጣል፣ ተጠራቅሞም ሳንባን ያቃጥላል። ታዲያ ሎሳርታን አንጂዮቴንሲን 2 የሚሠራበትን ቦታ ይዘጋ የለ? በ2005 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ አሳይቶ ነበር። የሳርስ ቫይረስ ፕሮቲን ሳንባቸውን ሲጎዳ ሎሳርታን ጉዳቱን ቀንሶታል።

በሰው ላይ ሲሞከር ምን ሆነ? ሬማፕ-ካፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ በጠና ለታመሙ የኮቪድ ሕሙማን እነዚህን መድኃኒቶች እንደ አዲስ ጀምሮ ሞከረ። የካቲት 2022 ላይ ለሕሙማኑ ደህንነት ሲባል ቆመ። ውጤቱ በ2023 ሲታተም መድኃኒቱን ካላገኙት መካከል 79 በመቶ ያህሉ ከሆስፒታል በሕይወት ወጥተዋል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉትን ካገኙት 72 በመቶ ያህሉ፣ እንደ ሎሳርታን ያሉትን ካገኙት ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ። ጥቅም ቀርቶ ጉዳት ሳያመጣ አልቀረም።

በዚያው ዓመት ሌላ ሙከራ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። የሚያበርደውን አንጂዮቴንሲን 1-7ን ራሱን በደም ሥር ሰጠ። እሱም አልሠራም።

እኔን የሚያስገርመኝ የብራዚሉ ሙከራና ሬማፕ-ካፕ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለዓመታት ሎሳርታን የወሰደ ሰው ኮቪድ ሲይዘው መድኃኒቱን መቀጠሉ አይጎዳውም። ያው ሎሳርታን ግፊቱ ሊወርድ ጫፍ ላይ ለደረሰ፣ ኩላሊቱ ለሚታገል ሰው እንደ አዲስ ሲጀመርለት ግን ሊጎዳው ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ሰውነቱ ያለበት ሁኔታ ግን ሌላ ነው።

«አንጂዮቴንሲን 2 ጠላት ነው»

ለደም ብዛት ሕመምተኛ ሲበዛ ጠላት ነው፣ እውነት ነው። ግፊቱ ወድቆ ሾክ ውስጥ ለገባ ሰው ግን ሕይወቱን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። በሾክ ጊዜ ኩላሊት ግፊት መውረዱን ያውቅና ሬኒን ያፈስሳል። የሳንባ ደም ሥሮች ግድግዳ ክፉኛ ሲጎዳ ግን ኤሲኢም አብሮ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ሬኒን ሞልቶ አንጂዮቴንሲን 1 ይከማቻል፣ የሚፈለገው አንጂዮቴንሲን 2 ግን አይደርስም። ትእዛዙ ተላልፏል፣ ሥራው አልተሠራም። በፅኑ ሕሙማን ላይ በጣም ከፍ ያለ ሬኒን መጥፎ ምልክት ተደርጎ የሚወሰደው በዚህም ነው።

አንጂዮቴንሲን 2 ራሱ መድኃኒት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሌሎች መድኃኒቶች አልበቃ ላሉት ሾክ፣ ግፊት ለማንሳት በደም ሥር ይሰጣል። በአሜሪካ የተፈቀደው ታኅሣሥ 2017 ነው፤ ከኮቪድ በፊት ማለት ነው።

«ኮቪድ የጠናበት ሰው ደም ውስጥ አንጂዮቴንሲን 2 ሁልጊዜ ከፍ ይላል»

ይህ የመጣው ከቻይናዋ ሸንዘን፣ በወረርሽኙ መጀመሪያ ከተሠራ ጥናት ነው። አንጂዮቴንሲን 2 በጣም ጨምሮ፣ ከቫይረሱ መጠንና ከሳንባው ጉዳት ጋር አብሮ ሲሄድ ታየ። የታዩት ሕሙማን ግን 12 ብቻ ነበሩ። በኋላ በሌሎች አገሮች ሲለካ ውጤቱ አልተስማማም። ከፊሉ ጭማሪ አየ፣ ከፊሉ ከሌላው ሕመምተኛ የተለየ ነገር አላየም።

አይገርምም። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እነዚህን ሆርሞኖች የማይነካ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሳንባው ውሃ እንዳይቋጥር የሚሰጠው ፉሮሴማይድ ሬኒንን ይጨምራል። የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ይቀንሰዋል። የመተንፈሻ ማሽኑ ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያሳንሰውና ሬኒንን መልሶ ይጨምረዋል። ከዚህ መሀል የቫይረሱን ድርሻ ብቻ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው።

«ግፊቱ ስለወረደ ደም ብዛቱ ድኗል»

አልዳነም። ትኩሳት፣ የውሃ እጥረት፣ የምግብ ማነስና ብግነቱ ግፊትን ለጊዜው ያወርዳሉ። ሰውየው ሲያገግም ግፊቱም አብሮት ይመለሳል።

«ኢናላፕሪል እየወሰድኩ ደረቅ ሳል ጀመረኝ፤ ኮቪድ ነው»

ሊሆን ይችላል፣ ግን የኢናላፕሪል ሳል የታወቀ ነገር ነው። ኤሲኢ ብራዲኪኒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገርም ይሰብራል። መድኃኒቱ ኤሲኢን ሲያግድ ብራዲኪኒን ይጠራቀምና ጉሮሮን ይኮረኩራል። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ሌሊት ያስቸግራል፣ ለሳምንታት ይቆያል። ዝንጅብልና ማር ያለሰልሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ለሐኪም ሲነገር ወደ ሎሳርታን ይቀየራል፤ ሳሉም በአብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ይጠፋል። ዝም ብሎ አቋርጦ መቀመጥ መፍትሔ አይደለም። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ክኒኑን ድጋሚ ሳትወስዱ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ ጉዳት ጥቁሮች ላይ ከሌላው በበለጠ ይታያልና እኛን ይመለከታል።

«ኮቪድ የያዘው ሁሉ ዴክሳ ይውሰድ»

ዴክሳ ማለት ዴክሳሜታሶን ነው፤ አድሬናል ዕጢ ከምታመነጨው ኮርቲሶል ከሚባል ሆርሞን ጋር ዘመድ ነው። ውጤቱ ሰኔ 2020 ላይ የተሰማው የእንግሊዙ ሪከቨሪ ሙከራ በኋላ ሲታተም በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት መካከል የሞቱት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ወርደው ነበር። ትልቅ ነገር ነው። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ላይ ግን ምንም ጥቅም አልታየም። ቤት ውስጥ ከፋርማሲ ገዝቶ የወሰደው ሰው ያገኘው የስኳርና የግፊት ጭማሪ ሊሆን ይችላል።

ዘመዳችሁ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ ወደ ቤት ሲመለስ አሮጌውን የመድኃኒት ፌስታል ከመሳቢያ አውጥታችሁ ዝም ብላችሁ አትጀምሩለት። በሆስፒታል ቆይታው የደም ግፊት መድኃኒቱ ቆሞ ከነበረ መቼና በምን መጠን እንደሚመለስ ሐኪሙን ጠይቁ፣ በወረቀትም አስጽፉ። መድኃኒቱ በተመለሰ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ግፊቱ፣ የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒኑና ፖታሺየሙ ይታይ።