የገጽ ዋጋ ምንድን ነው? የቤት ፕሪንተር ለሚገዛ ሰው

የገጽ ዋጋ ማለት አንድ ፕሪንተር አንድ ገጽ አትሞ ለማውጣት የሚያስፈልገው የቀለም ወጪ ነው። ስሌቱ ቀላል ሲሆን፣ የቀለሙ መግዣ ዋጋ በዚያ ቀለም ሊታተሙ ለሚችሉት ገጾች ብዛት ይካፈላል። የወረቀት ዋጋ ለየትኛውም ማሽን አንድ ስለሆነ ከማወዳደሪያው ሒሳብ ውጭ ይቀራል። ባሕር ዳር ውስጥ ፕሪንተር ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው ግን በአብዛኛው ጠይቆ የሚወጣው የማሽኑን ዋጋ ነው፤ የቀለሙ ነገር የሚነሣው ማሽኑ ቤት ገብቶ የመጀመሪያው ቀለም ካለቀ በኋላ ነው።

እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት እንደዚሁ፣ ከተደረደሩት ሁሉ ርካሹን መርጬ ነበር። አንድ ምሽት ልጄ ስለ ጣና ገዳማት ለተሰጣት የቤት ሥራ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች በሙሉ ገጽ ማተም ጀመረች፤ አራተኛው ገጽ ላይ ቀዩ ቀለም አለቀና የመልአኩ ፊት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ካርትሬጅ፣ ማለትም ሲያልቅ በሚቀየር የቀለም ዕቃ ውስጥ ታሽገው የሚሸጡ ስለነበሩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ገና እያለ ካርትሬጁ በሙሉ ተጣለ። አዲስ ለመግዛት ስሄድ የተጠየቅሁት ዋጋ ማሽኑን ከገዛሁበት ብዙም የማይርቅ ነበር።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ብዙ አምራቾች ለረጅም ዘመን የተከተሉት መንገድ ማሽኑን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም ያለ ትርፍ ሸጦ ገንዘቡን ከካርትሬጅ መሰብሰብ ነው። ከዚህም በላይ ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ካርትሬጅ ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። በጠርሙስ ቀለም የሚቀዳላቸው፣ በእኛ ገበያ «ኢንክ ታንክ» የሚባሉት ፕሪንተሮች ይህን አካሄድ ገለበጡት። ኤፕሰን በ2010 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹን ለገበያ ያቀረበው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ደንበኞች በካርትሬጅ ዋጋ ተማርረው በማሽኑ ጎን የራሳቸውን የቀለም ዕቃ በቱቦ እያገናኙ ይሠሩ ነበር። ካኖንና ኤችፒም ቆይተው የራሳቸውን ይዘው መጡ። በዚህ ዓይነት ማሽን ገዥው ከፍ ያለውን ዋጋ መጀመሪያ ላይ ይከፍላል፣ ቀለሙን ግን በርካሽ ያገኛል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ የሚያስደነግጥ ነው። ኤችፒ 123 የተባለው መደበኛ ጥቁር ካርትሬጅ 120 ገጽ ያህል እንደሚያትም አምራቹ ይገልጻል፤ ኤፕሰን 103 የተባለው 65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ ደግሞ 4,500 ገጽ። የሱቅ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌት ያህል ብቻ ሁለቱም እኩል 1,800 ብር ተገዙ እንበል። የካርትሬጁ የገጽ ዋጋ 15 ብር፣ የጠርሙሱ 40 ሳንቲም ይሆናል። ታንክ ያለው ማሽን ከካርትሬጁ ማሽን በ14,600 ብር ቢበልጥ እንኳ በየገጹ 14 ብር ከ60 ሳንቲም ስለሚቆጠብ፣ ልዩነቱ ከ1,000 ገጽ በኋላ ይካካሳል ማለት ነው። በወር 50 ገጽ የሚያትም ቤተሰብ እዚያ የሚደርሰው በ20 ወር ነው፤ በወር አምስት ገጽ የሚያትም ሰው ግን ማሽኑ አርጅቶም ላይደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የቀለም ፕሪንተሮች የሚለኩት አይኤስኦ 24711 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሲሆን፣ ማሽኑ የተወሰኑ የፈተና ገጾችን ሳያቋርጥ እያተመ ቀለሙ እስኪያልቅ ይቆጠራል። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ የሚያትም የለም፤ ዛሬ ሁለት ገጽ ከታተመ ቀጣዩ የሚታተመው ከሳምንት በኋላ ነው። የፈተናው ገጾች በግዕዝ ፊደል የተጻፉም፣ እንደ ልጄ የቤት ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥዕል የሞላባቸውም አይደሉም። ስለዚህ ቁጥሩ ማሽንን ከማሽን ለማወዳደር ጥሩ ነው፣ ለበጀት ግን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

በባሕር ዳር ሁኔታ የገጽ ዋጋን ከሁሉም በላይ የሚያዛባው የቀለም መድረቅ ይመስለኛል። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው፤ ማሽኑ በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል («ሄድ» የሚባለው) ወደ ጥግ ሄዶ በላስቲክ ክዳኑ ይሸፈናል። በማተም ላይ እያለ መብራት ከሄደ ወይም ሰው ከማከፋፈያው ከነቀለው ግን ሳይሸፈን ይቀራል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ «ክሊኒንግ» ይታዘዛል፤ ክሊኒንግ ማለት ቀለም ተስቦ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ የሚፈስበት ሥራ ነው። በዚህ መንገድ የሚጠፋው ቀለም አንድም ፊደል ሳይታተምበት ከገጽ ዋጋው ላይ ይደመራል። ስፖንጁም ሲሞላ ብዙ ማሽኖች ማተም ያቆማሉ፤ አንዳንድ ሞዴሎች በቤት ውስጥ የሚቀየር ሳጥን አላቸው፣ ሌሎቹ ወደ ጥገና ይሄዳሉ። በሳምንት አንዴ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ከተደጋጋሚ ክሊኒንግ ይረክሳል።

አልፎ አልፎ፣ ያውም ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ለሚያትም ሰው የእኔ ምክር ጥቁር ሌዘር ነው። ቶነር የሚባለው የሌዘር ቀለም ዱቄት በመሆኑ ማሽኑ ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ቢከርምም አይደርቅም። በየቢሮው የሚታወቀው ኤችፒ 85ኤ ቶነር 1,600 ገጽ ያህል ያትማል፤ የገጽ ዋጋው ከጠርሙስ ቀለም ቢበልጥም ለክሊኒንግ የሚባክን ቀለም የለውም። ዱቄቱን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚያጣብቅ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ስለዚህም መብራት ሲሄድ በባትሪ ከሚያቆየው ትንሽ ዩፒኤስ ጋር አይያያዝም። የጣና እርጥበት የበላው ወረቀት በሌዘርም በቀለምም ማሽን ውስጥ ስለሚጣመምና ስለሚቀረቀር፣ የተከፈተ ወረቀት በክረምት በፌስታል ታስሮ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማተም ብቻ ማሽን ለሚያስብ ተማሪ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚጠይቁት ዋጋ፣ የማሽኑ መግዣ ሲታሰብ፣ ከየትኛውም የራስ ማሽን ይሻላል።

አሁን ያለኝ ባለ ታንክ ነው። ከመግዛቴ በፊት ሱቁን የጠየቅሁት የጠርሙሱን ቁጥር ሲሆን፣ ያንኑ ቁጥር ይዤ ሌሎች ሁለት ሱቆች ውስጥ መኖሩን አረጋግጫለሁ። ከማሽኑ ጎን ባለች ደብተር ላይ ደግሞ የጨረስኩትን ወረቀት እመዘግባለሁ፤ አንድ ደስጣ 500 ቅጠል ስለሆነ መቁጠሩ አይከብድም። በመስከረም የሞላሁት ጥቁር ቀለም ስድስተኛውን ደስጣ ከጀመርኩ በኋላ ከታችኛው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። 2,600 ገጽ ላይ ቢያልቅ፣ በዚያው በ1,800 ብር ስሌት የገጽ ዋጋዬ ሳጥኑ ከሚለው 40 ሳንቲም ወደ 70 ሳንቲም ገደማ ከፍ ይላል።