ስለ ውሻ ክትባት በጎንደር የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ግቢ እንዲጠብቅ ነው። ቡችላው ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ቤት ይመጣል፣ ልጆች ስም ያወጡለታል፣ ከማዕዱ ይተርፈዋል፤ ክትባቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሰው ከተነከሰ በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት ከቸልተኝነት ይልቅ በቅን ልቦና የሚታመኑ ስሕተቶች ምክንያት እንደሆኑ አምናለሁ።

«ውሻ የሚያብደው በረሃብ፣ በውኃ ጥማትና በፀሐይ ነው።»

የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከታመመ እንስሳ ምራቅ በንክሻ ይገባና ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል። በሽታው የያዘው ውሻ ጉሮሮው ስለሚሽመደመድ መዋጥ ያቅተዋል፤ ሳይበላና ሳይጠጣ ለሃጩን እያዝረበረበ ሲዞር ያየ ሰው ውጤቱን ለምክንያት ቢወስደው አይፈረድበትም። ሆኖም ጠግቦ የሚያድር ውሻም ካልተከተበ ከበሽታው አያመልጥም።

«የእኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም።»

አመሻሽ ላይ በአዘዞ ወይም በማራኪ አንድ የቆርቆሮ በር ሥር ያለውን ክፍተት ልብ ብሎ ላየ፣ ከውስጥ ያለው ቡችላ አፍንጫውን ሲያሾልክ፣ ከውጭ ያሉት የመንገድ ውሾች ደግሞ ሲያሸቱት ያገኛል። ለንክሻ ይህች ክፍተት ትበቃለች። ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችላን ደም በተቀላቀለ ተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድለው ቫይረስ ግን ክፍተትም አያሻውም፤ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ በጫማችን ሶል ተጣብቆ ይገባል።

«ቡችላ ሳለ አንዴ ተከትቧል፣ ይበቃዋል።»

ከሁሉም በላይ ቡችሎችን የሚያስጨርሰው ይህ አስተሳሰብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የሚገባውን ያደረገ መስሎት ይዘናጋል። ቡችላ ከእናቱ እንገር ጋር የሚወስደው የመከላከል አቅም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ያው አቅም ክትባቱንም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። የእናት ስንቅ የሚያልቅበት ጊዜ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ፣ በአንድ ሆድ በተወለዱትም መካከል ሳይቀር ይለያያል፤ አንዱ በስምንተኛው፣ ሌላው በአሥራ አራተኛው ሳምንት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች የፓርቮ፣ የዲስቴምፐር (መተንፈሻንና ነርቭን የሚያጠቃ የውሻ የቫይረስ በሽታ) እና የተላላፊ ጉበት በሽታ ክትባትን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ጀምረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚደግሙት፣ የመጨረሻውንም ቢያንስ በ16ኛው ሳምንት የሚሰጡት ይህን የማይታወቅ ቀን ለመሸፈን ነው። ከዚያም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ማጠናከሪያ ይሰጣል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለምዶ በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ተሰጥቶ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ መሆኑን የሚወስነው የክትባቱ ዓይነት ስለሆነ የክትባት ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን መከተል ይገባል። በዘመቻ ጊዜ ከዚያ ዕድሜ በታች ያሉ ቡችሎችም ይከተባሉና «ገና ትንሽ ነው» ብሎ ማስቀረት አያስፈልግም።

«ክትባት ውሻውን ያሰንፈዋል።»

ለአንድ ሁለት ቀን ቢደበትና የተወጋበት ቦታ ቢያብጥ የተለመደ ነው። የጠባቂነት ጠባዩን አይነካም።

«ከነከሰም ጠበል ወይም የባሕል መድኃኒት አለ።»

እምነት የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ። ነገር ግን የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ሕይወት የሚተርፈው ከምልክቱ በፊት ባሉት ቀናት ነው። በዓለም ዙሪያ ሰዎችን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ፤ ሕፃን ደግሞ ተግሣጽ ፈርቶ ጭረቱን ሊደብቅ ስለሚችል መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው። ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የነከሰው ውሻ የተከተበ ቢሆንም ካርዱን ይዞ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። ውሻውን በድንጋጤ ከመግደል ይልቅ፣ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ፣ ለ10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ክትትል ሥር ማቆየት ይሻላል፤ የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን እነዚያን ቀናት ሳይጠብቅ በዕለቱ ይጀመራል።