«የምሽግ ጥበብ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው አንዲት የድሮ የእርሳስ ሥዕል አሳየኝ። ወታደር ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል፤ አፉ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ። ነርሷ ራስጌው ቆማ ሰዓቷን ታያለች። የሰውየው ማብራሪያ፦ «የምሽግ ጥበብ ነው፤ በጥይት ናዳ ሥር የተሳለ»። ወንድሜ፣ አልጋውን አላየኸውም? የትኛው ምሽግ ነው አንሶላ የሚነጠፍበት?

የምሽግ ጥበብ የሚባለው በጦርነት ጊዜ ወታደሮችና ሌሎች ሰዎች ከጦር ቁሳቁስ ወይም ስለ ጦርነቱ ኑሮ የሠሩት የእጅ ሥራ ነው። ስሙ የዕቃውን ዓይነት እንጂ የተሠራበትን ቦታ አይናገርም። የሽሮ ሜዳ ቀሚስ እንደምንለው ነው። ከሽሮ ሜዳ ተገዛ እንጂ ፈታይዋ ሌላ፣ ሸማኔው ሌላ፣ ጥልፉን የጠለፈው ሌላ ነው። አንዳንዱማ ከቻይና በኮንቴይነር የመጣ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቻይና እዚህም አለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ለእንግሊዝ ጦር የጉልበት ሥራ የተቀጠሩ ቻይናውያን የመድፍ ቀለህ ላይ ዘንዶ ይቀርጹ ነበር።

ከመድፍ ቀለህ የተሠራውን የናስ አበባ ማስቀመጫ ታውቁታላችሁ። ወገቡን እንደዚያ ለማጥበብ እሳት፣ መዶሻና ሞርሳ ይጠይቃል። ጭቃ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ የተቀመጠ እግረኛ ይህን ከየት ያመጣል? አብዛኛውን የሠሩት ከግንባር ጀርባ የነበሩ አንጥረኞችና መሐንዲሶች፣ ምርኮኞች፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ቤልጅየም ውስጥ የጦር ግንባር በነበረችው በኢፕር ከተማ አካባቢ ለሚመጡ ጎብኚዎች ይሸጥ ነበር። ደግሞ ግርጌው ላይ «1917» (በፈረንጆች አቆጣጠር) የሚል ካያችሁ አትቸኩሉ። ቀለሁ ከፋብሪካ የወጣበት ዓመት ነው፤ ማስቀመጫው ከዓመታት በኋላ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ እንጦጦ ያሉ ሴቶች ከጥይት ቀለህ ጌጥ ይሠራሉ፤ ከየትኛው ምሽግ ናችሁ የሚላቸው የለም።

እኔን የሚማርከኝ ግን እንደዚያች የነርስ ሥዕል ያለው ነው። በዚያ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ነርሶች ለቁስለኞች አልበም ይሰጡ ነበር፤ ለማስታወሻ ሥዕል ወይም ግጥም እንዲያኖሩላቸው። በአልበሞቹ ውስጥ ጦር ሜዳ አልፎ አልፎ ይታያል። ከዚያ ውጪ ያለው የደጀን ኑሮ ነው፦ ክራንች፣ መራራ መድኃኒት፣ የምትቆጣ ነርስ፣ ቁስለኛው ሆስፒታል ውስጥ የሚለብሰው ሰማያዊ የደንብ ልብስ። ያ ልብስ ከቀይ ክራቫት ጋር ይለበስ ነበር፤ በልክ አይሰፋም ነበር፤ ኪስም አልነበረውም። ወታደሮቹ ከረጢት ውስጥ እንደገባ ሰው ራሳቸውን እየሳሉ ይሳለቁበት ነበር።

«ደጀን ላይ ከተሳለ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ ሰውየው። ይኼ ነው የሚያናድደኝ! እግሩን ያጣ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ የሚስለው ጦርነት አይደለም? 138 ቁስለኛ ወታደሮች ለለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የመሠዊያ ልብስ ጠልፈዋል። መርፌና ክር ነው የያዙት። ያንንስ በጥይት ናዳ ሥር ነው ልንል ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥራዬ አሮጌ ወረቀት ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ከሥዕሉ ሥር ፊርማ አለ ማለት ሐሳቡ የፈራሚው ነው ማለት አይደለም። ከመጽሔትና ከፖስት ካርድ የተገለበጠው ብዙ ነው። ስለዚህ አልበሙን ከነሙሉው ማየት ያስፈልጋል። የነርሷ ስምና የሆስፒታሉ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ሰውየው ያሳየኝ ግን ከአልበም የተገነጠለች አንዲት ወረቀት ነበረች።