ሞቅ ያለ ድምፅ ያለው ካርትሪጅ ለድሮ ሸክላ ማጫወቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ሱሉልታ አካባቢ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው እየበዛ ነው። ከአባት የተወረሰ አለ፣ ምናለሽ ተራ ተፈልጎ የተገኘ አለ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አለ፣ እና ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ድምፁ ሞቅ እንዲልልኝ የትኛውን ካርትሪጅ ልግዛ? ካርትሪጅ ማለት ክንዱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መርፌውን የምትይዘውና ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይረው ክፍል ናት። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን አብሮት የሚመጣው ወሬ ብዙው ስህተት ስለሆነ ሰው ያለ ጥቅም ብሩን ያፈሳል። የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሞቅ ያለ ድምፅ ማለት ቀጭኑ ድምፅ የቀነሰ ነው»

አይደለም። ሞቅ ያለ ድምፅ መሃሉ የሞላ ነው፣ የዘፋኙ ድምፅ ደረት አለው፣ ሳክስፎኑ ጆሮ አይወጋም፣ ሲምባሉ ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይሰማል። ሲምባሉ ከጠፋ መርፌው ቆሽሿል ወይ አልቋል ማለት ነው። እኛ ሰፈር መንገዱ አስፋልት ስላልሆነ በጋ ላይ አቧራው ቤት ድረስ ይገባል፣ መርፌውን በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ብታዩት ጫፉ ላይ ግራጫ ብናኝ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉት፣ ወደ ጎን ከጠረጋችሁት ትሰብሩታላችሁ።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። አንድ ጎረቤቴ ከአሜሪካ የተላከለት ማጫወቻ በጣም ሞቅ ያለ ነው ብሎ ጠራኝና ስሰማው ሴቷ ዘፋኝ የወንድ ድምፅ አላት። ችግሩ ፍጥነቱ ነበር። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው የኛ 50፣ ብዙ የድሮ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ከመብራቱ ኸርዝ ነው፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም፣ ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር ያለበት ወደ 28 ይወርዳል፣ ድምፁም ሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ የሚባለው) ያህል ይወፍራል። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን በስልክ ሰዓት ደቂቃ ይዘን ስንቆጥር 28 ገደማ ነው የመጣው። መፍትሄው ለ50 ኸርዝ የተሰራ ፑሊ፣ ማለትም ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ መዘውር ነው፣ ካርትሪጅ አይደለም። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባሉት፣ ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞርባቸውና ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል የሚጠብቁት ግን ይሄ ችግር የለባቸውም። እባካችሁ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ቁጠሩ።

«መርፌው ቀለል ሲል ሸክላው አይጎዳም፣ ድምፁም ይለሰልሳል»

ይሄኛው ነው ብዙ ሸክላ የገደለው። መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበት ክብደት ሲያንስ ቦዩን፣ ማለትም ሸክላው ላይ የተቆረጠውን መስመር፣ በደንብ አይይዝም፣ ድምፁ ከፍ ሲል ግድግዳውን እየመታ ይዘላል፣ ያ የተመታ ቦታ ደግሞ አይመለስም። ምልክቱን ከዘፋኙ አፍ ትሰሙታላችሁ፣ «ስ» እና «ሽ» ሲል እንደ መጥበሻ ይንጫጫል፣ ሰውም ካርትሪጁ ሻካራ ነው ብሎ ሌላ ይገዛል። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የሚባለው ካርትሪጅ የሚፈልገው 1.8 ግራም ነው፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ደግሞ 2 ግራም። ፋብሪካው ከዚህ እስከዚህ ካለ ወደ ላይኛው ጠጋ በሉ፣ ይሻላል። ክንዱ ላይ ሳንቲም መለጠፍም መፍትሄ አይደለም፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት አይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ገዝታችሁ ለኩት በቃ።

«ሙቪንግ ኮይል ከሆነ ሁሌም ይበልጣል»

ሙቪንግ ኮይል መርፌው ማግኔት ሳይሆን ትንሽ የሽቦ ጥቅል የሚያንቀሳቅስበት ካርትሪጅ ነው፣ ከዚህ አይነቱ ዴነን ዲኤል103ን ሁሉም ያነሳዋል። እውነት ነው ድምፁ ሙሉ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጃፓኑ የብሮድካስት ጣቢያ ኤንኤችኬ የተሰራ ነው፣ ዛሬም ይመረታል። ግን የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ ተራው ማግኔት ካርትሪጅ ከ3 እስከ 5 ያወጣል፣ ስለዚህ ለብቻው ማጉያ ይፈልጋል። መርፌው የቆመበት ጎማም ደረቅ ያለ ስለሆነ ከባድ ክንድ ይወዳል፣ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን የዱዋል ማጫወቻ ቀላል ክንድ ላይ ካሰራችሁት አይግባባም። ክንድና ካርትሪጅ ተስማምተው አብረው የሚርገበገቡበት ከ8 እስከ 12 ኸርዝ መሃል ቢውል ነው ጥሩ፣ ከዚያ ከወጣ ወይ ቤዙ ይረበሻል ወይ የሸክላው መጣመም ሁሉ ክንዱን ያወዛውዘዋል።

«ክብ ጫፍ መርፌ ርካሽ ስለሆነ አይረባም»

ለኛ ሸክላዎች እንደውም ቅድሚያ የምሰጠው ለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመሰረተው ከአምሃ ሪከርድስ ጀምሮ በዚያ ዘመን የወጣው ብዙ ሙዚቃ በትንሿ ባለ 45 ሸክላ ነው፣ አብዛኛውም በከባድ መርፌ ተጫውቶ ያረጀ ነው። ክብ ጫፍ ቦዩ ውስጥ ያለውን ጭረትና ጥቃቅን ጉዳት ሁሉ አያነብም፣ ከላይ ትንሽ ለስለስ ይላል። ቪኤም95ሲ ክብ ጫፍ ነው፣ አካሉ ከ95ኢው ጋር አንድ ስለሆነ ነገ ንፁህ ሸክላ ስታገኙ መርፌውን ብቻ ነቅላችሁ የ95ኢውን ሞላላ ጫፍ መርፌ ትሰኩበታላችሁ። እኔ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላይም።

«ለድሮ ማጫወቻ የድሮ ኦሪጅናል ካርትሪጅ»

ሹር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መስራት አቆመ፣ ከዚያ ወዲህ የድሮው በካርቶኑ እንዳለ ነው እየተባለ በውድ ይሸጣል። አካሉ ችግር የለውም፣ መርፌውን የሚይዘው ጎማ ግን ሳይነካም ይደርቃል። የሹር አካል ካላችሁ ጂኮ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ የሚሰራውን አዲስ መርፌ ግዙለት።

«ድምፁ ቀጠነ፣ ካርትሪጁ ነው»

መጀመሪያ ሶኬቱን እዩ። ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል ቀጭኑ ይጨመራል፣ ማጉያው ላይ ፎኖ የሚለው መግቢያ ነው መልሶ የሚያስተካክለው። ኦክስ የሚለው ተራ መግቢያ ላይ ከሰካችሁት የትኛውም ማግኔት ካርትሪጅ ቀጭንና ደካማ ነው። ገመድም አታርዝሙ፣ ረጅም ገመድ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባህሪ) ይጨምራል፣ ያ ደግሞ ላይኛው ድምፅ ላይ ጉብታ ሰርቶ ጆሮ ያሻክራል። ግራዶ የሚባለው ካርትሪጅ ለዚህ ብዙም ግድ የለውም፣ ድምፁም በጣም ሞቅ ያለ ነው፣ ግን አንዳንድ ማጫወቻ ላይ ሞተሩ አጠገብ ሲደርስ ያጉረመርማል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ማሽን ሞክሩት።

«ዳይመንድ ስለሆነ አያልቅም»

ያልቃል፣ እንደ ጫፉ አይነትና እንደ ንፅህናው ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው። ከሰው እጅ በተገዛ ማጫወቻ ላይ ያለው መርፌ ስንት ሰዓት እንደሰራ ሻጩም አያውቅም፣ ስለዚህ የምትወዱትን ሸክላ በሱ አትሞክሩ፣ መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ።